ማስተካከያ፦ የድሮ የፈረቃ መዝገብ ማጥፋት ዲስኩን ወዲያው አያቀልም

ባለፈው ጽሑፌ፣ ከሠራተኛ ማስተዳደሪያ ዳታቤዝ ላይ የድሮ የፈረቃና የሰዓት ፊርማ መዝገቦችን በዲሊት ትዕዛዝ ስታጠፉ የዲስኩ ቦታ ወዲያው ይለቀቃል ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ቢያንስ ፖስትግሬስ (PostgreSQL) በሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ እንደዚያ አይሠራም።

የፖስትግሬስ ኦፊሴላዊ መመሪያ እንደሚያስረዳው፣ ዲሊት የተደረገ ረድፍ ለጊዜው ፋይሉ ውስጥ ይቆያል። ቫኪዩም የሚባለው የጽዳት ሥራ ሲያልፍበት ቦታው ለአዲስ መዝገብ ክፍት ይሆናል እንጂ ብዙውን ጊዜ ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አይመለስም። የሚመልሰው ቫኪዩም ፉል ነው። እሱ ግን ቴብሉን፣ ማለትም መዝገቦቹ ያሉበትን ሰንጠረዥ፣ እንደ አዲስ ይጽፈዋል፤ እስኪጨርስ ማንም አያነብበትም፣ ማንም አይጽፍበትም። ለአዲሱ ቅጂም ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ዲስኩ ጢም ብሎ ለሞላበት ሰው መጥፎ ዜና ነው።

ስለዚህ ጽሑፌን አይታችሁ የብዙ ዓመት መዝገብ ካጠፋችሁ፣ የፋይሉ መጠን ባይቀንስ አትደንግጡ። ድጋሚ ማጥፋት አያስፈልግም። ቫኪዩም ፉል የምታስኬዱ ከሆነ ግን ሠራተኛው ገብቶ በሚፈርምበት ሰዓት አይሁን፤ ሲስተሙ ቀጥ ይላል። ቴብሉ በወር ወይም በዓመት ፓርቲሽን (ለየብቻ በሚቀመጡ ክፍሎች) የተከፋፈለ ከሆነ ግን ተገላገላችሁ፦ የድሮውን ፓርቲሽን ድሮፕ ማድረግ፣ ማለትም ክፍሉን እንዳለ ማስወገድ፣ ይበቃል። የቀድሞውን አንቀጽ አርሜዋለሁ።