ለድቡ የወጣው ሕግ ለጭላዳውም ይውጣለት

ካሊፎርኒያ ውስጥ ዮሰሚቲ ፓርክ ተራራ ላይ ሊያድር የሚወጣ ሰው ስንቁን ድብ በማይከፍተው ካኒስተር የመያዝ ግዴታ አለበት። ካኒስተሩ የወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ ባዶውን ከኪሎ ያልፋል። ክብና ልሙጥ ስለሆነ ለድብ ጥርስ አይመችም፤ ክዳኑንም የሰው ጣት እንጂ መዳፍ አይፈታውም። ምግብ ብቻ አይደለም የሚገባበት፤ የጥርስ ሳሙናው፣ የፀሐይ ቅባቱ፣ የተበላበት ላስቲክ ሳይቀር ሽታ ያለው ሁሉ እዚያ ውስጥ ያድራል። ከድንኳኑ 30 ሜትር ያህል ርቆ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ድቡ እያንከባለለ እንዳይወስደው ገደል አፋፍና ወንዝ ዳር አይደረግም።

አገር ቤት ሆኖ ይህን የሚሰማ ሰው ሕጉ ለተጓዡ እራት የወጣ ይመስለዋል። ዋናው ነገር ግን የድቡ ሕይወት ነው። የሰው ምግብ የቀመሰ ድብ ወደ ሰው መመላለስ ይለምዳል፤ መኪና ይገነጥላል፣ ለግልገሎቹ ያስተምራል፣ በመጨረሻም ለሰው ያሰጋል ተብሎ ይገደላል። ቀድሞ ስንቅ ዛፍ ላይ ይሰቀል ነበር፤ ድቦቹ ገመዱን መበጠስ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 እዚያ ፓርክ ውስጥ ብቻ ድብ የሰው ምግብ ወይም ንብረት ላይ ጉዳት ያደረሰበት ከ1,500 በላይ አጋጣሚ ተመዝግቧል። ቁጥጥሩ ከጠበቀ ወዲህ ቁጥሩ እጅግ ወርዷል።

ለዚህ ዕቃ የሚስማማ ስንቅ የእኛን የሚያህል አላየሁም። አብረውኝ የሚወጡት የሚይዙት ቺፕስና ዳቦ ግማሹ አየር ስለሆነ ካኒስተሩ ቶሎ ይሞላባቸዋል። እኔ ከጎንደር የሚላክልኝን በሶ በስስ ላስቲክ አድርጌ አየሩን አስወጣና ከግድግዳው ጋር እጠቀጥቀዋለሁ። ድርቆሹን አደቅቀዋለሁ። የመጨረሻው ቀን ምግብ ከታች፣ የመጀመሪያው ከላይ ይሆናል፤ ክፍተቱ ላይ ዳቦ ቆሎ ሳፈስበት እስከ ጥጉ ይገባል። ማታ በሶው በቀዝቃዛ ውኃና በጨው ይበጠበጣል፤ እሳት የለ፣ የወጥ ሽታ የለ።

ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ስመለስ ግን አዝናለሁ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተከልሎ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድብ የለበትም፤ ድብ የለም ብለን ነው መሰለኝ የምንዘናጋው። የጎብኚዎች ማደሪያ ሰፈር በሆነው ሳንቃበር ላይ ምሳ የሚበላ ጎብኚ ዳቦ ቆርሶ ለጭላዳ ሲወረውር፣ ሌላው ፎቶ ሲያነሳ አይቻለሁ። አንድ ግልገል ሣር መንጨቱን ትቶ ዳቦውን አነሳ፣ አገላብጦ አሸተተና ጎረሰው። ጭላዳ እኮ የሣር እንስሳ ነው! ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ በጣቱ እየለቀመ የሚበላ። ሰው መፍራቱን ከተወ ደግሞ ነገ የሚገባው ገበሬው ገብስ ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚጠብቀው ዳቦ ሳይሆን ወንጭፍ ነው።

ድንኳን በሚተከልበት ሰፈር ላይ የሚጣለው ትራፊ የባሰ ነው። ትራፊ ውሻ ይጠራል፤ የውሻ በሽታ ደግሞ ቀይ ቀበሮን ይጨርሳል።

እኔ ካኒስተር ከአሜሪካ ይምጣ አልልም። በቅሎ ላይ ለሚጫን ስንቅ ክዳኑ የሚጠብቅ ባልዲ ይበቃል፣ ትራፊውም በዚያው ተከድኖ ደባርቅ ይመለስ። ከእንግዳ ጋር የሚሄደው ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን «ዳቦውን አይወርውሩ» የሚል ሥልጣንም ይሰጠው። ሰላም ወርዶ እንግዳው ሲመለስ፣ ከመጀመሪያው ቡድን ጀምሮ።