ፉርጎውን አጋድማችሁ አትሙት

ትንንሽ የባቡር ሞዴሎችን በሬዚን (በብርሃን በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) 3D ማተሚያ ስለማተም የወጣው ጽሑፍ የፉርጎው አካል የማተሚያው ሳህን ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ቢታተም ይሻላል ማለቱ እኔን አላሳመነኝም። እዚህ ፉሪ፣ ከአዲሱ ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ቤቴ፣ የድሮውን የጅቡቲ መስመር የዕቃ ፉርጎ በ1፡87 ልኬት (ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሼ) እየሠራሁ ነው። ጠፍጣፋ ያተምኳቸው ሁለቱ ወለላቸው ተቆልምሞ አራቱ ጎማዎች እኩል መሬት አይነኩም። ሦስተኛውን ወደ 30 ዲግሪ አጋድሜ ሲታተም ደግፈው የሚይዙትን ቀጫጭን ድጋፎች ማንም በማያየው በኩል፣ ከወለሉ ሥር ሳደርግ ግን የጎኑ ሳንቃዎች ቀርቶ የበሩ ማጠፊያ እንኳ ጥርት ብሎ ወጣ።

በጽሑፉ ያልተነሳው ነገር ብርዱ ነው። በክረምት ሌሊት ሬዚኑ እንደ ማር ስለሚወፍር ጠርሙሱን በደንብ ከድኜ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆየዋለሁ። መብራት መሃል ላይ ሲሄድማ፣ ስንቱን ጣልኩት መሰላችሁ!

ሐዲድ ስትገዙም ተጠንቀቁ። የድሮው መስመር ስፋት 1 ሜትር ስለነበር በዚህ ልኬት የሚስማማው ባለ 12 ሚሊሜትሩ ነው፤ 16.5ቱ የአዲሱ፣ የ1,435 ሚሊሜትሩ መስመር ነው። ሬዚን ስትነኩ ጓንት አድርጉ፤ የታተመውን ያጠባችሁበትን አልኮል ደግሞ እባካችሁ ቦይ ውስጥ አትድፉት።