ብትበላም አበባ ናት

ጽሑፉን ሳይከፍት፣ ርዕሱን ብቻ አይቶ የሦስት አንቀጽ ኮሜንት የሚጽፍ ሰው በጣም አደንቃለሁ። ማንበብማ ማንም ያነባል። ሳያነቡ መቃወም ግን ጸጋ ነው። ይህን ጸጋ ስልክ ያመጣው የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። የተከበሩ አያቶች አሉት፤ ያውም ፓሪስ ውስጥ፣ ሰው ሠራሽ ጸጉር ደፍተው የሚሰየሙ።

ነገሩ የኮራል ነው። ያ ከባሕር ሥር እንደ ቁጥቋጦ የሚያድገው፣ ቀዩ ለአንገት ጌጥ የሚሆነው። ቅርንጫፍ ካለው ተክል ነው፤ አለቀ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1706 ማርሲሊ የሚባል ጣሊያናዊ መኮንን ማርሴይ አጠገብ ከባሕር የወጣ ኮራል ከነባሕር ውሃው ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። ቅርንጫፉ ላይ ባለ ስምንት ቅጠል ነጫጭ ነገሮች ፈኩ። አበባ! ደስታ ሆነ።

ሃያ ዓመት ሳይሞላ ፔይሶኔል የሚባል የማርሴይ ሐኪም መጣና ነገሩን አበላሸው። ይኼ ሰው አንድ መጥፎ ልማድ ነበረበት፤ ያያል። በ1725 ሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ድረስ ሄዶ፣ ኮራሉን ከነሕይወቱ ውሃ ውስጥ አድርጎ፣ አበባ የተባለውን ነካ አደረገው። አበባው ተሸማቆ ቤቱ ገባ። መቼም ስትነኩት የሚደበቅ ጽጌረዳ አልገጠማችሁም። ሰውዬው ይኼማ እንስሳ ነው፣ ድንጋዩም ቤቱ ነው ብሎ ለፓሪሱ የሳይንስ አካዳሚ ጻፈ።

አሁን አድናቆቴን ያዙልኝ። የአካዳሚው ዝነኛ የነፍሳት ሊቅ ሬዮሙር በ1727 ነገሩን ለጉባኤው ሲያቀርብ የፔይሶኔልን ስም ደበቀው። ለምን? እንዳይሳቅበት አዝኖለት! እንዲህ ያለ ደግነት ዛሬ ከየት ይመጣል? የዛሬ ሰው ስምህን ከነፎቶህ ለጥፎ ነው የሚስቅብህ። በነገራችን ላይ ሬዮሙር ራሱ ኮራል ተክል ነው ባይ ነበር። የዕፅዋቱ ሊቅ ዡስዩም እንደዚያው። ብትበርም ፍየል ናት፤ ጣት ብትሸሽም፣ አድና ብትበላም አበባ ናት።

ከፓሪስ እስከ ኖርማንዲ ባሕር 200 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዡስዩ ሄዶ በዓይኑ ያየው በ1741 ነው። ሒሳቡን ሠራሁት፤ በዓመት 14 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ኤሊ ትቀድመዋለች፤ ኤሊ ግን የአካዳሚ አባል አይደለችም። እሱም ቢሆን የተነሳው ወዶ አይደለም። ሆላንድ ውስጥ ትራምብሌ የሚባል የቤት አስተማሪ ተክል የሚመስል እንስሳ ከኩሬ አውጥቶ የአካዳሚውን ሰዎች ሰላም ስለነሳቸው ነው። በ1742 ሬዮሙር የፔይሶኔልን ስም በአደባባይ ጻፈ። ፔይሶኔል ግን የት ነበር? አትላንቲክን ተሻግሮ ጓዴሉፕ ደሴት ላይ፣ የንጉሡ ሐኪምና የዕፅዋት ባለሙያ ተብሎ። ኮራል ተክል አይደለም ያለውን ሰው የተክል ሹም አድርገው ሰደዱት። ሹመት እንዲህ ነው።

ደግሞ ማየት ያለውን አደጋ አስቡት። ፎርስኮል የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ ከዴንማርክ የጥናት ጓድ ጋር ቀይ ባሕር ድረስ መጥቶ ዓሣውንም ኮራሉንም መዘገበ፤ በ1763 የመን ውስጥ ወባ ገደለው። ከስድስቱ ተጓዦች አገሩ የገባው ኒቡር ብቻ ነው፤ የፎርስኮልን ጽሑፍም ያሳተመለት እሱ ነው። ሄምፕሪክ የሚባለው ጀርመናዊ በ1825 እዚሁ ምጽዋ በትኩሳት ሞተ። ጓደኛው ኤረንበርግ ተርፎ የቀይ ባሕርን ኮራል ጻፈ። ፓሪስ ወንበር ላይ ተቀምጦ በኮራል ምክንያት የሞተ ሰው ግን አልሰማሁም።

ዳርዊንስ? እሱ ጥሩ ጀምሮ ነበር። የኮራል ደሴቶች እንዴት ቀለበት እንደሚሆኑ ያሰበው ደቡብ አሜሪካ ሳለ፣ አንድም እውነተኛ ሪፍ፣ ማለትም ኮራል ባሕር ውስጥ የገነባውን ክምር፣ ሳያይ ነው። የኛ ሰው! እሳተ ገሞራው ደሴት ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ኮራሉ ደግሞ ወደ ላይ ይገነባል። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? በ1836 የሕንድ ውቅያኖስ ላይ ኮኮስ ደሴቶች ወርዶ አየ፤ ገመድ እየጣለ ጥልቀት ለካ፤ በ1842 መጽሐፍ አሳተመ። ኋላ የማያምኑት ተነሱ። በእርግጥ የማያምኑት ሰነፎች አልነበሩም። ነገሩን ለመፈተን ከ1896 ጀምሮ ፉናፉቲ በምትባል የፓስፊክ ውቅያኖስ የኮራል ደሴት ላይ 340 ሜትር ያህል ተቆፈረ። ከላይ እስከ ታች የኮራል ኖራ ድንጋይ፤ የእሳተ ገሞራ አለት የለም። ክርክሩም ቀጠለ።

በ1952 አሜሪካኖች የኒውክሌር ቦምብ ይሞክሩበት በነበረው፣ ኤኒዌቶክ በሚባል ሌላ የፓስፊክ የኮራል ደሴት ላይ ከ1200 ሜትር በላይ ወርደው ሰመጠ የተባለውን አለት አገኙት። ያኔ ዳርዊን ከሞተ 70 ዓመቱ ነበር። ምን ያስቸኩላል?