ሀገርህን እወቅ፣ ሽንትህን ግን ያዝ

«ሀገርህን እወቅ» የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚመጣብኝ። እሺ እንወቃት፤ የት ነው የሚሸናው?

አትሳቁ፣ የምሬን ነው። መዞር ለሚወድ ሰው እንደ ሐዋሳ የሚመች መቀመጫ የለም። ወደ ላይ ስትወጡ ሻላ አለ፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቁ። አጠገቡ አብያታ፣ ከዚያ ላንጋኖ፣ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ቢልሃርዝያ የለበትም ተብሎ ሰው ሳይሰጋ የሚዋኝበት። አለፍ ስትሉ ባቱ፣ ለኛ ቤት ሰው አሁንም ዝዋይ ናት። ከሻሸመኔ ወደ አጄ ከታጠፋችሁ ሰንቀሌ፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይገኘው ቆርኬ። ወደ ታች ደግሞ ይርጋለም፣ ከሐዋሳ በፊት የሲዳሞ ዋና ከተማ የነበረችው፤ ቀጥሎ ዲላና የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች፣ በ2016 መስከረም ላይ ከነመልክዓ ምድሩ በዩኔስኮ የተመዘገቡት። ሁሉም ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባበት ርቀት ላይ ነው። ሌላው ሰው ካርታ ዘርግቶ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል። እኔ የምቆጥረው የልጆቼንና የእናቴን ፊኛ ነው።

መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ትገባላችሁ። «ሽንት ቤት የት ነው፣ የኔ እህት?» «ለደንበኛ ብቻ ነው።» እሺ፣ ደንበኛ እንሁን፤ አምቦ ውሃ ይታዘዛል። አምቦው ከመጣ በኋላ ቁልፍ ይፈለጋል። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው። ዘበኛው ምሳ ወጥተዋል። «ጋሼ፣ እባክዎ» ተብሎ ተለምኖ፣ ጓሮ ተዙሮ፣ የቢራ ሳጥን ተዘልሎ በሩ ሲከፈት ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም። በአንድ እጅ በር፣ በአንድ እጅ ቀሚስ፣ ስልኩ ከነመብራቱ አፍ ውስጥ። ውሃ? «ዛሬ ሄዷል።» ስለ ሽታው አልጽፍም፤ ምሳ ላይ የምታነቡ ትኖራላችሁ። ከዚያ መንገድ ትጀምራላችሁ፣ ትንሽ እንደሄዳችሁ ያ ለቁልፉ ብላችሁ የጠጣችሁት አምቦ ራሱ «ውረዱ» ይላችኋል።

በሕዝብ መኪና ከሆነ ደግሞ የምትቆሙበትን የሚመርጥላችሁ ሾፌሩ ነው። የሚቆመው ሽንት ቤቱ ንጹሕ የሆነበት ሳይሆን እሱና ረዳቱ በነጻ የሚበሉበት ቤት ነው። ይሄን የማያውቅ ተሳፋሪ የለም፤ ሁላችንም በዝምታ ውድ ጥብስ እንበላለን።

«ሜዳ አይደል እንዴ፣ ምን ቸገረሽ?» የሚሉኝ ወንዶች አሉ። ለናንተማ ምን ችግር አለ፣ ወደ ጎማው ዞር ማለት ነው። እኛ ነጠላ የሚዘረጋ ሰው እንፈልጋለን፣ ቁጥቋጦ እንፈልጋለን። ከነገሌ አርሲ ወዲያ ላንጋኖ ድረስ ድሮ መደበቂያ የሚሆን ግራር ነበር፤ አሁን ግራሩ ከሰል ሆኖ፣ አስፋልት ዳር በጆንያ ቆሞ ይሸጣል። ሰው የለም ብላችሁ ስትወርዱ ደግሞ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ሕፃናት ከበው ያያችኋል። ልጆቹን አልወቅስም፤ መንደራቸው ነው፣ መጥተን የተቀመጥንባቸው እኛ ነን።

አሁን የማያስቀውን ልንገራችሁ። እናቴ የደም ግፊት አለባት፣ መድኃኒቷም ሽንት የሚያስሸና ዓይነት ነው። ነገ መንገድ አለ ከተባለ ከማታው ጀምሮ ውሃ አትቀምስም፤ ጠዋት ደግሞ ክኒኗን ዋጥኩ ብላ በመሃረቧ ጫፍ ትቋጥረዋለች። በዚያ በዝዋይ ሙቀት! ራሷን አዙሯት ደግፈን ካስቀመጥናት በኋላ ነው ምስጢሩን ያወጣችው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ሽንት ቤት የሌለው መንገድ ሰረዘው። የእሷ የዘመናት ምኞት ቱሉ ጉዶ ደሴት ሄዳ ጽዮንን መሳለም ነው፤ በዮዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ የተጠለለችው እዚያ ነው ይባላልና። ከባቱ በጀልባ ነው የሚኬደው። «ጀልባውስ ላይ እንዴት ይሆናል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ይሁን፣ ለከርሞ ታደርሰኝ» አለች። ከርሞም ያው ጀልባ ነው።

ፈረንጆቹ ዘዴውን ቀድመው አውቀውታል። ከካይሮ ኬፕታውን የሚወስደው መንገድ በኛው ከተማ ስለሚያልፍ በሞያሌ በኩል የሚመጡ፣ ቤታቸውን መኪና ላይ ጭነው የሚዞሩ ሽማግሌ ባልና ሚስቶች አልፎ አልፎ ሐዋሳ ሆቴል ግቢ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። አንዷ እናት ደግ ነበሩ፣ ግቡና እዩ አሉን። ሰው ሁሉ አልጋውን፣ ምድጃውን፣ ፍሪጁን ሲያደንቅ እኔ አንዲት ጠባብ በር ከፍቼ ቀረሁ። ሽንት ቤት! ውሃ ያለው፣ ከውስጥ የሚቀረቀር፣ ሲሞላ ሳጥኑ ተስቦ ወጥቶ የሚደፋ። እኚህ ሴት በየትንሿ ከተማ ቆመው፣ ገበያ ገብተው፣ ድንጋይ አይተው፣ ወፍ ቆጥረው ቢሄዱ ምን ይገርማል? ፊኛቸው ነጻ ወጥቷል! እኔም አንድ ላስመጣ ብል ብሩ የለኝም፣ ቢኖረኝም ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ኤሌክትሪኩን ከነሽንት ቤቱ የምታስመጡ ካላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።

ትልልቆቹ ከተሞች በኮሪደር ልማት አምረዋል፣ አልክድም። እኔ የምለው ስለ ትንንሾቹ ነው። መግቢያቸው ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል በር ይሠራል፣ አደባባይ ይሠራል፣ አደባባዩ ላይ ሐውልት ይቆማል። እንግዳው ደህና መጣ፤ ከዚያስ? ሐውልቱ ሥር ይሽና? ወጪው ከበደ እንዳትሉኝ። አንዳንድ መናኸሪያ ውስጥ በማኅበር የተደራጁ ልጆች ሽንት ቤት ይዘው፣ ሶፍት ቆርጠው፣ ባልዲ ሞልተው ያስተናግዳሉ። የሚጠይቁኝን ብር እየመረቅኩ ነው የምከፍላቸው። ሰው ደግሞ ከሸና በኋላ ይረጋጋል፣ ዙሪያውን ያያል። መቂ ላይ ቲማቲም ይገዛል፣ ይርጋለም ላይ አቮካዶና አናናስ፣ ዲላ ላይ ቡና ያስፈላል፤ «እዚህ አካባቢ የሚታይ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥርሱን ነክሶ የሚነዳ ሰው ግን ከተማችሁን በመስታወት አይቶ ያልፋል። አስጎብኚ ብትቀጥሩለትም አይወርድላችሁም።

ማደያዎቹንም አልረሳኋችሁም። ለመኪናው ነዳጅ ይሞላል፣ ጎማው ይነፋል፣ መስታወቱ ይጠረጋል። ሰውዬው ሲጠይቅ «ሽንት ቤቱ ለሠራተኛ ነው»።

በሉ አሁን ሥራ ልስጣችሁ። ለፊቼ ጨምበላላ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጡብኛል፤ አሮጊት አለች፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ ገና ፓምፐርስ የተወ ልጅ አለ። ከባቱ እስከ ዲላ ውሃና መቀርቀሪያ ያለው ሽንት ቤት የምታውቁ ከተማውንና ምልክቱን ጻፉልኝ፣ ሰብስቤ እለጥፈዋለሁ። መግቢያ የሚያስከፍሉትን ሎጆች እንዳትጠቁሙኝ፣ እነሱን አውቃቸዋለሁ። ቁልፉ ማን ጋ እንደሚገኝም አብራችሁ ጻፉ።