ላብ ቴክኒሺያን ነኝ፤ ላቡ የራሴ ነው

ዛሬ ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው። ጀመዓው፣ ቡናችሁን ያዙና ስሙኝ።

ደሴ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ላብ ቴክኒሺያን ነኝ። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ላብ ነኝ» እላለሁ። ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ከላብራቶሪው ይልቅ ላቡ እንደሚበዛ የማውቀው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል። ነጠላዬን ደርቤ፣ በሩን ልቆልፍ ቁልፉን ይዣለሁ። አንዱ የኬሚስትሪ መምህራችን ብቅ አለ። ጥሩ ልጅ ነው፣ አልጠላውም። «እታለም፣ ነገ 11ኛ ክፍሎችን ታይትሬሽን ላሠራቸው አስቤያለሁ። ትንሽ ነገር አዘጋጂልኝ።» ስንቱን ክፍል? «አራቱንም።» ከስንት ሰዓት? «ከመጀመሪያው ፔሬድ።» ፊቴን አየና «አብሽሪ!» ብሎኝ ሄደ።

አብሽር የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። ወሎዬ ሲታመምም ሲከፋውም በሷ ነው የሚበረታው። ግን ወላሂ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ «አብሽሪ» ያለኝ ሰው ሁሉ ሥራ ትከሻዬ ላይ ጥሎ ነው የሚሄደው።

እስቲ «ትንሽ ነገር» የምትባለዋን እንመንዝራት። ታይትሬሽን ማለት አሲድ ላይ ቤዝ በጠብታ እየጨመሩ ስንት ሲገባ እንደሚካካሱ መለካት ነው። አንድ ክፍል 60 ተማሪ ነው። ስድስት ስድስት ባደርጋቸው 10 ቡድን። በአራት ክፍል 40 ቡድን። ለአንዱ ቡድን ከአሲዱም ከቤዙም 100 ሚሊ ሊትር ብሰጥ 4 ሊትር አሲድና 4 ሊትር ቤዝ ይሆናል። 0.1 ሞላር (የሶሉሽኑ ጥንካሬ ነው) እንዲወጣ ቤዙ፣ ማለትም ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ፣ 16 ግራም ይመዘናል። ሃይድሮክሎሪክ አሲዱ ከ37 ፐርሰንቱ ጠርሙስ 33 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀዳል። በቃ። ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር ናት።

አሁን ከሰሌዳው እንውረድ።

መጀመሪያ ውሃ። የምኖርበት ሰፈር ቧንቧ ውሃ ይባላል። የላቤ ቧንቧ ግን ውሃ አያውቅም። ስትከፍቱት ያፏጫል፣ ሁለቴ ያስላል፣ ዝም ይላል። ቢመጣም ለዚህ ሥራ አይሆንም። በቧንቧ ውሃ ሲልቨር ናይትሬት በጥብጣችሁ እዩት፣ እንደ አጓት ይደፈርሳል። የሚያስፈልገው ዲስቲልድ፣ በእንፋሎት የተጣራ ውሃ ነው። ዲስቲለሩ ከተቃጠለ ቆይቷል። ስለዚህ ጀሪካኔን ይዤ የመኪና ባትሪ የሚሠሩ ልጆች ጋ እወርዳለሁ። «የባትሪ ውሃ ስጡኝ።» እዚህ ላይ ልብ በሉ። የባትሪ ውሃ ሲባል አንዱ ንጹሕ ውሃ ይሰጣችኋል፣ ሌላው አሲዱን። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጀሪካን ውስጥ ነው ያሉት። እኔ ሰማያዊ ሊትመስ፣ አሲድ ሲነካው የሚቀላ ወረቀት፣ በቦርሳዬ ይዤ ነው የምሄደው። ልጁ መጀመሪያ ቀን ሲያየኝ «እትዬ፣ የእርግዝና ምርመራ ነው እንዴ?» አለኝ። የውሃውን ሂሳብ ማን ይከፍላል? እኔ። ደረሰኝ አለው? የለውም። ስለዚህ አይወራረድም። ይቀጥላል።

ሁለተኛ ሚዛን። ደህናው ሚዛናችን በ2014 ጦርነት ጠፋ። እሱን ላንሳው ብል ሌላ ጽሑፍ ይሆናል፤ ስንት የጠፋ ነገር እያለ ለሚዛን አላለቅስም። የቀረችን ትንሿ ባትሪ የምትበላ ናት። እሷም አስተያየቷን በየደቂቃው ትቀያይራለች። 16.0 ትላለች፣ ዘወር ስትሉ 16.3። ግን ይህኛው ሙሉ በሙሉ የሚዛኗ ጥፋት አይደለም። የደሴ ጉም ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እርጥበት ሲያገኝ ውሃውን ይስባል። ነጫጮቹ ፍሬዎች እዚያው ሰሃኑ ላይ ማላብ ይጀምራሉ፣ ቀጥሎ እንደ ቀለጠ ስኳር ይጣበቃሉ። እያየሁት ክብደት ይጨምራል። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ እየሮጥኩ እመዝናለሁ። ወርቅ ቤት ያሉ ሰዎች እንኳ እንዲህ አይጨነቁም፤ የነሱ ወርቅ አያልበውም።

አሲዱን ደግሞ እንደ ምርቃት ነው የምቀዳው፣ በሁለት እጅ። ጠርሙሱ ሲከፈት ነጭ ጢስ ይወጣል። ጢስ የሚስብ ሁድ የለንም። የኔ ሁድ መስኮት ነው። ነፋሱ ወደ ውጭ ሲሆን እቀዳለሁ፣ ወደ ውስጥ ሲዞር ከድኜ ኮሪደር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። የጥበቃው አባባ «ልጄ፣ ዛሬም ታጥኚያለሽ?» ይሉኛል። ውሃው ቀድሞ ይገባል፣ አሲዱ በላዩ ቀስ ተብሎ ይጨመራል። ተገላቢጦሹ ፊት ላይ ይፈነጥቃል። ይህንን ለተማሪ ሁሌ እናገራለሁ። ለመምህራንም መናገር የነበረብኝ ቀን አለ፣ ስም አልጠራም።

ቡሬቶቹስ፣ ቤዙ በጠብታ እየተለካ የሚወርድባቸው ባለ ቁልፍ የመስታወት ቱቦዎች? አሥር አሉ፣ በወረቀት። ስድስቱ ይሠራሉ። ከስድስቱ ሁለቱ ያንጠባጥባሉ፣ ቁልፋቸውን በቫዝሊን እያሸሁ ነው የማኖራቸው። አራቱ የሞቱት ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሰው ቤዙን ውስጣቸው ትቶ ዕረፍት ስለወጣ ነው። ቤዝ መስታወት ይበላል። የመስታወት ቁልፉ ከቱቦው ጋር ይጣበቅና አንድ ሰው ይመስል ይሞታል። በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩ፣ በዘይት ሞከርኩ፣ አንዱን በጉልበት ሳዞረው እጄ ላይ ተሰበረ። ለ10 ቡድን ስድስት ቡሬት። የቀሩት አራት ቡድኖች ከፋርማሲ በገዛሁት ሲሪንጅ ይሠራሉ። ሲሪንጁም ከኪሴ።

ሌሊቱን ሙሉ አልሠራሁም፣ አላጋንንም። እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ቆየሁ። ዓርብ ጠዋት 1 ሰዓት ተመለስኩ። 2 ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛው እንደ ሠርግ ድንኳን አምሯል። ነጭ ወረቀት ከፍላስኩ ሥር፣ ቤዝ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆነው ፊኖልፍታሊን በጠብታ ጠርሙስ፣ ሁሉም ስም ተለጥፎበት።

2 ሰዓት ከ20 ላይ መምህሬ መጣ። «እታለም፣ ድንገተኛ ስብሰባ ተጠራ። ሰኞ እናሠራቸዋለን። ያው ተዘጋጅቷል አይደል?»

ያው ተዘጋጅቷል አይደል! ሽሮ ነው እንዴ ሰኞ የሚሞቀው? ቤዙ አየር ባገኘ ቁጥር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየጠጣ ይደክማል። መስታወት ጠርሙስ ውስጥ ላቆየው አልችልም፣ ክዳኑ ይጣበቃል። ወደ ፕላስቲክ ገለበጥኩ፣ እስከ አፉ ሞላሁ፣ ጥርቅም አድርጌ ከደንኩ። ስድስቱን ቡሬት አጠብኩ። የማጠቢያውን ውሃ ከታች ከሮቶው በባልዲ አመጣሁ። ሁለት ፎቅ ነው።

ሰኞ ተሠራ። መጨረሻው ላይ ሦስት ቡድን ውጤቱ ተለያየ። 25 ሚሊ ሊትር ገደማ መምጣት ሲገባው አንዱ 24፣ አንዱ 27፣ አንዱ ጭራሽ 31። 31 ያመጡት ልጆች ጠብታ መጠበቅ ሰልችቷቸው ቧንቧውን ለቀውት ነው። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ፍላስኩ እንደ ቪምቶ ቀልቷል። መምህሬ ግን ወደ ሰሌዳው ዞሮ ለ60 ልጅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሶሉሽኑ ትክክል አልተዘጋጀም ማለት ነው።» እኔ ከኋላ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ።

ሲሳካ መምህሩ አሠራ። ሲበላሽ ላቧ አበላሸች። ከዚህ ሁሉ ድካም የሚያመኝ ይህ ነው። ውሃው፣ ሚዛኑ፣ ኪሴ፣ እነሱን ለምጃለሁ።

እውነት ለመናገር እዚያው ቀን አንድ ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች። ቁልፉን በግራ እጇ፣ ፍላስኩን በቀኟ ይዛ እያዞረች። ጠብ። ታዞራለች። ሮዝ ይመጣል፣ ይጠፋል። ጠብ። ይመጣል፣ ይጠፋል። ግማሽ ጠብታዋን በፍላስኩ ከንፈር ነክታ ወሰደችና አዞረች። ሮዙ ቀረ። እንዲያው የሕፃን ጥፍር የመሰለ ስስ ሮዝ። ትንፋሿን ለቀቀች። 25.1። ሶሉሽኔ እንግዲህ ትክክል ነበር! ይህንን ሰሌዳው ጋ የነገረልኝ የለም እንጂ።

ስለ ግዥ ካላወራሁ ደግሞ ብሶቴ ጎዶሎ ነው። ሞዴል 20፣ የዕቃ መጠየቂያውን፣ ሞልቼ «ቢከር፣ 500 ሚሊ ሊትር፣ ሙቀት የሚችል» ብዬ ጠየቅኩ። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። ወራት አለፈ። የመጣው ምንድን ነው? የኩሽና ፕላስቲክ ጆግ። መስመር አለው፣ 500 የሚል ቁጥርም አለው። ግዥው ልጅ «ርካሹ እሱ ነው ያሸነፈው» አለኝ። እሳት ላይ ልጣደው? ሞዴል 19 ላይ ግን ቢከር ተብሎ ገቢ ሆኗል። አሁን ኦዲተር ቢመጣ በስሜ 12 ቢከር አለ። ሻይ ቤት እንኳ ልሰጣቸው አልችልም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ተቆጣጣሪ መጡ። ውሃ እያፈላሁ ነበር። ቴርሞሜትሩን አነሱት፣ አዩት፣ 92። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሃ በስንት ይፈላል ልጄ?» አሉኝ። ጌታዬ፣ እዚህ በ92 ገደማ ነው፣ ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው አልኳቸው። መጽሐፉ 100 ይላል አሉ። መጽሐፉ ባሕር ዳር ላይ ነው፣ ማለቴ ባሕር ወለል ላይ፣ ጣናን አይደለም አልኩ። ነገሩን አባባስኩት። ሪፖርቱ ላይ «ቴርሞሜትሩ የተበላሸ ስለሆነ ይወገድ» ተብሎ ተጻፈ። ቴርሞሜትሬን መሳቢያ ውስጥ ደብቄ አኑሬያለሁ። እንግዳ ሲመጣ ውሃ አላፈላም።

እሳቸው ናቸው ደግሞ የእርዱን ነገር የጻፉብኝ። ፊኖልፍታሊን ያለቀ ጊዜ እርድ በአልኮል ዘፍዝፌ አመልካች ሠርቼ ነበር። አልጫ የነካውን ነጠላ በሳሙና ያጠበች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ቢጫው እድፍ ሳሙናው ሲነካው ቀይ ይሆናል። ሳሙናው ቤዝ ስለሆነ ነው። ልጆቹ እልል አሉ። አንዱ «እማዬ ኬሚስት ናት ለካ!» አለ። አስተያየት፦ «በመመሪያው ያልተፈቀደ ቁሳቁስ ጥቅም ላይ ውሏል።» እርድ። ሰኞ ገበያ የሚሸጥ እርድ።

ጣቶቼን ደግሞ ብታዩአቸው። ባለፈው ሲልቨር ናይትሬት ሳዘጋጅ ጓንቱ ተቀዶ ነበር። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ብርሃን ሲነካው ነው ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር የሚሆነው። ቆዳው ራሱ ተልጦ ካልሄደ አይለቅም። ጎረቤቴ «ማሻ አላህ፣ ሂና ነው እንሶስላ?» አለችኝ። ሠርግ አለ እንዴ ብላ ጠየቀች። የለም አልኳት፣ 12ኛ ክፍል ነው።

ለማንኛውም ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለልመና ነው። ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ ኩታበር ያላችሁ የላብ ሰዎች ስሙኝ። እኔ ጋ ማንም ሳይጠይቅ የተገዛ 11 ኪሎ ኮፐር ሰልፌት አለ። 1 ሊትር 1 ሞላር ለመሥራት እንኳ የሚበቃው 250 ግራም ነው፤ የልጅ ልጆቼም አይጨርሱትም። ፊኖልፍታሊን ግን አልቋል። የቀረኝ ጠርሙሱ ሥር ያለችው ናት፣ ለረቡዕ ደግሞ ሌላ «ትንሽ ነገር» ታዝዣለሁ። 10 ግራም ያለው ሰው 2 ኪሎ ኮፐር ሰልፌት ልስጠው። ደሴ መናኸሪያ ድረስ ይዤ እመጣለሁ። ብቻ ሞዴል 22፣ የዕቃ ወጪ ማድረጊያውን፣ አምጪ እንዳትሉኝ።