ዘገዩ እንጂ አልጃጁም

የአራብሳ ኮንዶሚኒየም ሰዎች፣ እስቲ እንነጋገር። ባለፈው ሳምንት ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት መቀነታቸውን ፈተው ብር ይቆጥራሉ። ወያላው «እማማ፣ ሂሳብ! ፈጠን ይበሉ እንጂ!» አላቸው። አሥር ሰከንድ እንኳ አልሞላም። ከኋላ አንዱ «ጃጅተዋል፣ ተዋቸው ባክህ» ሲል ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ ብያለሁ፤ ስለዚህ ተግሳጹ ለእኔም ነው።

መልሱ ሲመጣ አምስት ብር ጎድሏል። ያወቁት እሳቸው ናቸው፣ ገና እጃቸው ላይ ሳያርፍ። ሳቁ ቀጥ አለ።

አእምሮ እኮ እንደ ጫማ አይደለም፤ ሁሉ ነገሩ እኩል አያረጅም። ሬይመንድ ካተል የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፉ ሁለት ነገር ለይቷል፤ አዲስ ነገርን ቶሎ የማሰላሰል ችሎታና በኑሮ የተጠራቀመ እውቀት። የፊተኛው ከወጣትነት በኋላ ቀስ እያለ ይቀንሳል። የቃላት ሀብትና የኑሮ እውቀት ግን እስከ 60ዎቹ ዕድሜ ሊያድግ ይችላል። እኛ የምንስቀው በፍጥነቱ ነው። እድር ውስጥ ጠብ ሲነሳ ታዲያ ማንን ነው ሮጠን የምንጠራው?

የ15 ዓመቱን ልጅ ደግሞ «በቁመት በልጠኸኝ እንዴት አታስብም!» እንለዋለን። ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል በስሎ የሚያበቃው በሃያዎቹ አጋማሽ ነው። ተቆጡት፣ ግን በቁመቱ አትለኩት።

ወደ እናቶቻችን ልመለስ። ከመሀል ከተማ ተነስተው እዚህ የመጡ ብዙ ናቸው። የድሮው ሰፈር ራሱ መንገድ ይመራቸው ነበር፤ ወፍጮ ቤቱ፣ ቧንቧው፣ የጎረቤት የቆርቆሮ በር። እዚህ ብሎኩ ሁሉ መንታ ነው። ቤታቸው ሲጠፋባቸው «ጀመራቸው» እያላችሁ አትንሾካሾኩ። እኔ ራሴ መብራት በጠፋበት ማታ በቁልፌ የሰው በር ስታገል ባለቤቱ ወጥቶ «ምን ፈልገህ ነው?» ብሎኛል።

ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት ያለ ነው። ቁልፉ ምን እንደሚሠራ ከጠፋባቸው ግን «እርጅና ነው» ብላችሁ በር አትዝጉባቸው። በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።

እኛ ብሎክ መግቢያው ላይ ለምልክት ቢጫ ጀሪካን ሰቅለናል። ለእማማዎቹ ብለን ነበር። አሁን እኔም እሱን እያየሁ ነው የምገባው።