ስለ መሪዎቹ በቂ ሰምተናል፤ ስለ ግብሩስ ማን ይንገረን?

ምርጫ በደረሰ ቁጥር አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ታክሲ ውስጥ፣ ሻይ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ የትም ብትሄዱ ወሬው ስለ ሰው ነው። እገሌ ቆራጥ ነው፣ እገሌ አንደበተ ርቱዕ ነው፣ እገሌ ልፍስፍስ ነው፣ እገሌ የእኛ ወገን ነው፣ እገሌ የእነሱ ነው። ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ ደጃችን ላይ ደርሶ እኛ የመሪዎችን ቁመናና ንግግር እንመዝናለን። በየወሩ ከደመወዛችን ላይ ስንት እንደሚቆረጥ፣ በማን ውሳኔ እንደሚቆረጥ፣ ከምርጫው በኋላ ይጨምር ይቀንስ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ግን ከመቶ አንድ አይገኝም። ጠያቂ ሲገኝ ደግሞ መልስ ሰጪ ይጠፋል።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሠራተኛውን ደመወዝ በየወሩ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ግብር ማለት ለእኔ በየሰው ስም አንጻር የምጽፈው ቁጥር ነው። የጽዳት ሠራተኛችን ጥቅል ደመወዝ 4,500 ብር ነው። የሥራ ግብር 400 ብር፣ የጡረታ መዋጮ 315 ብር ይነሣና 3,785 ብር ይደርሳታል። በዚህ ገንዘብ ቤት ተከራይታ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በ11,500 ብር የተቀጠረው ልጅ ደግሞ 2,100 ብር ለግብር፣ 805 ብር ለጡረታ ከፍሎ 8,595 ብር ይቀረዋል። የመጀመሪያ ደመወዙን የወሰደ ዕለት ወረቀቱን ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና «ጋሼ፣ ተሳስታችሁ ይሆን?» አለኝ። ስሌቱን መስመር በመስመር አሳየሁት። ስህተት አልነበረውም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ እኔም ሥራ መቀጠል አቃተኝ።

እውነቱ ይነገር፤ ሕጉ ተሻሽሏል። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ ያደረገው የመጀመሪያውን 600 ብር ብቻ ነበር። በሐምሌ 2017 የጸደቀው ማሻሻያ ያንን ወለል ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። የጽዳት ሠራተኛችን በቀድሞው ስሌት 597 ብር ከ50 ሳንቲም ትከፍል ነበርና ወደ 200 ብር ገደማ ቀርቶላታል። ደመወዙ ከ14,000 ብር በላይ ለሆነ ሰው ሁሉ የወረደለት 550 ብር ነው። 20,000 ብር የሚያገኘውም 50,000 የሚያገኘውም የተቀነሰለት እኩል 550 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ዛሬ አምስት ሊትር ዘይት አይገዛም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ለቆየ ሰንጠረዥ ምላሹ ይህ ሆነ።

የሚያቃጥለኝ ግን ከላይ ያለው እርከን ነው። በ2008 ከፍተኛው 35 በመቶ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር። ያኔ አንድ ዶላር ወደ 22 ብር ገደማ ስለነበር፣ 10,900 ብር ወደ 500 ዶላር የሚጠጋ ደመወዝ ነበር። ያንን የሚያገኝ ሰው በእርግጥም የተሻለ ኑሮ ይኖር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ ብር ወረደ፤ ዶላር ዛሬ ከ150 ብር በላይ ነው። አሁን 35 በመቶው የሚጀምረው ከ14,000 ብር በላይ ነው፤ በዶላር ሲሰላ መቶ አይሞላም። እንግዲህ የአገሪቱ ከፍተኛ የግብር ምጣኔ የሚያርፍበት ሰው ባለሀብት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ልጅ የሚያስተምር መምህር ሆኗል፤ የሆስፒታል ነርስ ሆኗል፤ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ሆኗል። ሕጉ ሀብታም ብሎ የመዘገበው ሰው የወር አስቤዛ በዱቤ የሚወስድ ነው! ይህን ጉዳይ መድረክ ላይ አውጥቶ የተናገረ ፖለቲከኛ ካለ ጠቁሙኝ፤ ሄጄ እጁን እጨብጣለሁ።

ደመወዙ ቤት ሲደርስም አላለቀም። የተረፈውን ይዘን ገበያ ስንወጣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠብቀናል። በ2016 የወጣው አዲስ አዋጅ ቀድሞ ነፃ የነበሩ አገልግሎቶችን ሳይቀር ወደዚህ መረብ አስገብቷል። አንዴ ግብር የከፈልንበትን ገንዘብ በሳሙናው ላይ ዳግመኛ እንከፍልበታለን። ነጋዴውም የራሱ ብሶት አለው። በ2009 የቀን ገቢ ግምት ተብሎ የተጫነውን የሚረሳው የለም። ግምቱ ከአቅማችን በላይ ነው ያሉ አነስተኛ ነጋዴዎች በብዙ ከተሞች ሱቃቸውን ዘግተው ተቃውመዋል። ደመወዝተኛው ግን የሚዘጋው ሱቅ የለውም። ግብሩ ገንዘቡን በእጁ ሳይዝ ከምንጩ ይቆረጣል፤ ልደብቅ ቢል መደበቂያ የለውም፤ ልደራደር ቢል የሚያናግረው የለም። ለዚህ ሰው ያለው ብቸኛ መደራደሪያ የምርጫ ካርዱ ነው። በዚያች ካርድ ነው እንግዲህ ማን ግርማ ሞገስ አለው እያልን የምንጫወትባት።

ስለ መሪ የምናወራው ሁሉ ደግሞ ከድምፅ መስጫ ወረቀቱ ጋር አይገናኝም። ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከር ያድራል። ነገር ግን የእሳቸው ስም የሚገኘው በሚወዳደሩበት አንድ የምርጫ ክልል ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሰይመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የፌዴራል ግብርና ታክስ የመጣል ሥልጣንም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የተሰጠው ለዚሁ ምክር ቤት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ የሥራ ግብር ደግሞ በአንቀጽ 97 የክልሎች ገቢ በመሆኑ የክልል ምክር ቤት ዕጩውም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። የሐምሌ 2017ቱ ማሻሻያ ሲጸድቅ እጅ ያወጡት እነዚያ በየወረዳችን «ምረጡኝ» ብለው የሄዱ ሰዎች ናቸው። በሰኔ 2013 ድምፅ ከተሰጠባቸውና ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን ወሰደ። እስቲ ከእነዚያ መካከል የእናንተን ተወካይ ስም የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ስለ 2,000 ብሩ ወለል ምን እንዳሰበ የጠየቃችሁትስ? አምስት ዓመት ሙሉ በደመወዛችን ላይ እጁን የሚያወጣውን ሰው ስሙን እንኳ ሳናውቅ ስለ መሪ እንዲህ መሟገታችን በጣም ያሳዝነኛል።

በቅርቡ በሰፈራችን አዳራሽ በተጠራ የዕጩዎች ትውውቅ ላይ ተገኝቼ ነበር። የፓርቲውን ስም አልጠራም፤ የሁሉም ጠባይ ስለሆነ። ዕጩው ስለ ሰላም፣ ስለ አንድነት፣ ስለ መሪያቸው ጥበብ ረጅም ንግግር አደረጉ። ጥያቄ ሲፈቀድ ተነሣሁና «ከተመረጡ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ስንት ብር እንዲሆን ሐሳብ ያቀርባሉ?» አልኳቸው። ጥያቄው ጠቃሚ መሆኑን ገልጸው አመሰገኑኝና «የሚመለከተው አካል በጥናት ይመልሰዋል» አሉ። «እርስዎ አይደሉም እንዴ የሚመለከተው አካል?» አልኳቸው። መድረክ መሪው ሰዓት መድረሱን ነግሮኝ ማይክሮፎኑን ለሌላ ሰው ሰጠ። ቀጥሎ የተነሣው ሰው ለመሪው ያለውን አድናቆት ገልጾ ተቀመጠ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ያ ጭብጨባ ከዕጩው መልስ ይልቅ አበሸቀኝ። ጎኔ የተቀመጡት እናት ጡረተኛ ናቸው፤ ከፊት ያለው ወጣት የቀን ሠራተኛ ነው። ሁላችንም የምንከፍል ሰዎች ነን፤ ያጨበጨብነው ግን ምንም ላልተነገረን ነገር ነው።

ተቃዋሚዎቹም ከዚህ አልተሻሉም። የሌላ ፓርቲ ቀስቃሽ ጋር ቆሜ ስንነጋገር «እኛ ግብሩን በግማሽ እናወርደዋለን» አለኝ። ደስ ብሎኝ «ጉድለቱን በምን ትሸፍኑታላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሙስናን እናጠፋለን» አለኝ። ይህ ላም አለኝ በሰማይ ነው! መንገድና ትምህርት ቤት ገንዘብ እንደሚፈልጉ አውቃለሁ፤ የክልል መንግሥት ደመወዝ የሚከፍለው ከዚሁ እንደሆነም አውቃለሁ። መንግሥት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር በ2016 መጨረሻ በተስማማበት መርሐ ግብር የአገር ውስጥ ገቢን ለማሳደግ ቃል ገብቷል። ስለዚህ ግብር ቀንሳለሁ የሚል ፓርቲ የትኛውን ግብር፣ በስንት፣ በየትኛው ገቢ ተክቶ እንደሚቀንስ ጽፎ ማሳየት አለበት። ይህን ያላደረገ ሰው እንደ ሕፃን እያባበለኝ ነው፤ እኔ ደግሞ የአርባ ዓመት ሰው ነኝ።

በ1997 እኮ እንዲህ አልነበረም። የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሰው ቴሌቪዥን ወዳለበት ቤት ይጎርፍ ነበር። ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ፊት ለፊት ይሟገቱ ነበር፤ በማግስቱ በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሣው የቀረበው መከራከሪያ ነበር። ያ ምርጫ ያለቀበት መንገድ ዛሬም ያማል፤ ክርክሩ ግን እኛ ፖሊሲ የመመዘን አቅም እንደሌለን ለሚያስቡት በቂ መልስ ነበር።

አሁን የምጠይቀው ነገር ሩቅ አይደለም። ከግብር ነፃ የሚሆነው ወለል በብር ስንት ነው? 35 በመቶው ከስንት ብር ይጀምር? ሰንጠረዡ እንደገና ዘጠኝ ዓመት እንዳይተኛ የዋጋ ንረትን እየተከተለ በየስንት ጊዜው ይታረማል? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የጥናት ቡድን አያስፈልግም፤ ከመመረጥ በፊት ማሰብ ይበቃል።

የአሁኑን የሥራ ግብር ሰንጠረዥ በአንድ ገጽ አትሜአለሁ። ከ2,000 ብር ጀምሮ እስከ 14,000 ያሉት እርከኖች በግራ በኩል ተጽፈዋል፤ በቀኝ በኩል «የእርስዎ ሐሳብ» የሚል ባዶ ረድፍ አለ፤ ከታች የስምና የፊርማ ቦታ አለው። በምርጫ ክልላችን ለሚወዳደር ለእያንዳንዱ ዕጩ፣ የገዥው ፓርቲም ይሁን የተቃዋሚ ወይም የግል ተወዳዳሪ፣ በእጄ እሰጠዋለሁ። ሞልቶ የመለሰውን ቁጥሩንና ስሙን እዚሁ ገጽ ላይ አወጣዋለሁ። ባዶውን የመለሰውንም እንዲሁ። በየሰፈራችሁ ይህን ማድረግ የምትፈልጉ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ወረቀቱን ዛሬ ማታ እልክላችኋለሁ።